ለማይመጣው በሽተኛ ምን እንውሰድለት? በምሥራቅ ጎጃም የአንዲት ጥንታዊ ድንጋይ ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

በወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በቅርስ ባለሙያነት ሳገለግል በእጄ ካለፉት ጉዳዮች ሁሉ እንደዚህ ያስተማረኝ የለም። ጉዳዩ የአንዲት ድንጋይ ነው። ድንጋይዋ በምሥራቅ ጎጃም፣ ወደ ዓባይ በረሃ በሚያዘቀዝቅ ደጋ ጫፍ ላይ በምትገኝ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ቆማለች። ከፈረሰ ጥንታዊ ሕንፃ የተረፈች ናት። በሽተኛ ያለበት ቤተሰብ ሁሉ ወደ እሷ ይሄዳል። ቅቤ ይቀባታል፣ ጧፍ ያበራላታል፣ ከገላዋ ፍቆም ይወስዳል። እኛ ደግሞ ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ እንዳትጠፋ ስንታገል ቆየን። በመጀመሪያው ዓመት ያደረግነው ሁሉ ጉዳቱን አባባሰው እንጂ አላቆመውም።

የቦታውንም የሰዎቹንም ስም አልጠቅስም። ቦታው በስም ቢታወቅ ቅርጽ ያለው ድንጋይ እየገዙ የሚያሸሹ ሰዎች መንገድ ያገኛሉ ብዬ እሰጋለሁ። ሰዎቹም ሕመማቸውን የነገሩኝ አምነውኝ ነው።

ድንጋይዋ

ጎጃም ውስጥ ጥንታዊ የድንጋይ ሥራ ሲነሣ ብዙው ሰው መርጡለ ማርያምን ያስባል። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ያሳነጸችው፣ በግራኝ አሕመድ ጦርነት የፈረሰው፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ደግሞ የካቶሊክ ኢየሱሳውያን እንደገና ያነሡት ያ ሕንፃ ፍርስራሽ ቢሆንም በግድግዳው ላይ የተቀረጹት አበቦችና ሐረጎች ዛሬም ይታያሉ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ ስለ ፍርስራሹ የጻፈውን ጥናት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ አሳትሟል። የእኛዋ ድንጋይ ይህን ያህል ዝና የላትም። የአገሯ ሰው ግን ያውቃታል፤ «ማረፊያዋ» ይላታል። እመቤታችን በስደቷ ዘመን ጀርባዋን አስደግፋባታለች ተብሎ ይተረካል።

ድንጋይዋ የአንድ በር መቃን ነበረች። ቁመቷ የአንድ አጭር ሰው ያህል ነው። በፊት ለፊቷ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ የሐረግ ቅርጽ አለባት። ከሐረጉ አናት ላይ ስምንት ቅጠል ያላት አበባ ተቀርጻ ነበር። «ነበር» ያልሁበትን ምክንያት ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

ከምን ዓይነት ድንጋይ እንደተሠራች ማወቁ ለጉዳዩ ዋና ነገር ነው። የጎጃም ደጋ ከላይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርዱ ግን ከሥሩ የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ ብቅ ይላል። ማረፊያዋ ከዚያ ከታች የወጣች የኖራ ድንጋይ ናት። የጥንቱ ጠራቢ የመረጣት ለመሮ ስለምትታዘዝ ነው። ለመሮ የሚታዘዝ ድንጋይ ደግሞ ለቢላዋም ይታዘዛል። ከጥቁሩ ድንጋይ ተሠርታ ቢሆን ኖሮ ማንም ፍቆ አንዲት ቁንጥር ዱቄት አያገኝባትም ነበር።

ሰው ይዞላት የሚመጣው

ወር በገባ በ21 ቀን ከቅዳሴ በፊት ገና ሳይነጋ ሰው መምጣት ይጀምራል። ኅዳር 21 እና ጥር 21 ቅጽሩ ጢም ይላል። ሴቶች ለጋ ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው ይይዛሉ። ወገቡን የሚያመው ጀርባውን አስደግፎ ይቆምና «ሕመሜን ጥዬብሻለሁ» ይላል። መኻን ሴት ሦስት ጊዜ ትዞራታለች። የታመመ ልጅ ያላት እናት የልጇን ቁመት በፈትል ትለካና ፈትሉን በድንጋይዋ ወገብ ላይ ታስራለች፤ ልጁ ሲድን መጥታ ትፈታዋለች። የተፈታ ፈትል ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሲገኝ የሚያየው ሁሉ እልል ይላል፤ የማን ልጅ እንደዳነ ባያውቅም። ይህን በዐይኔ አይቻለሁ። ስለቱም እንዲሁ ነው፤ «ልጄ ከተነሣልኝ ጥላ አስገባለሁ»፣ «የሚቀጥለውን ዓመት ካደረስሽኝ ንፍሮና ጠላ ይዤ እመጣለሁ»።

ከዚህ ሁሉ መጨረሻ ላይ መፋቁ ይመጣል። ከነጠላ ጫፍ ላይ ቢላዋ፣ ምላጭ፣ ሳንቲም ይወጣል። ዱቄቱ በጨርቅ ይቋጠራል። ቤት ሲደርስ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ወይም ግንባር ላይ ይቀባል።

ይህ ልማድ ከግንቦት ልደታ ጋር ዝምድና እንዳለው ግልጽ ነው። በጎጃም በሌላውም አገር ግንቦት 1 ቀን ጎረቤት ተሰብስቦ ከዛፍ ሥር ወይም ከድንጋይ አጠገብ ንፍሮ ቀቅሎ «አድባር ትለመነን» ሲል ኖሯል። ቤተ ክህነት ይህን ከጥንት ጀምሮ ትቃወማለች። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ባዕድ አምልኮን በብርቱ ቅጣት ሊያጠፉ ተነሥተው ነበር። ማረፊያዋን ግን አድባር ብቻ ብሎ መተው አይቻልም። ታቦት የገባበት ቤት መቃን ናት፤ ሰውም በፊቷ ቆሞ የሚጸልየው ወደ እመቤታችን ነው። ሁለቱ በአንዲት ድንጋይ ላይ ተገናኝተዋል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ነገሩን «የእኛ ሕዝብ ኋላ ቀርነት» ይሉት ነበር። ይህ አነጋገር ዛሬም ያመኛል፤ ስሕተትም ነው። በግብፅ በካርናክና በሌሎች የፈርዖናውያን ቤተ መቅደሶች ግድግዳ ላይ ጣት የሚያስገቡ ረጃጅም ቦዮች አሉ፤ ሰው ለመድኃኒትና ለበረከት ዱቄት ሲፍቅ የተፈጠሩ ናቸው። በእንግሊዝ አገር ምዕራባዊ ጫፍ፣ በኮርንዎል፣ ሜን አን ቶል የሚባል መሐሉ የተበሳ ክብ ድንጋይ አለ፤ እግሩ የተወላገደ፣ አጥንቱ የለሰለሰ ሕፃን ራቁቱን በቀዳዳው እንዲያልፍ ይደረግ ነበር። ከዚያው አቅራቢያ ባለ ምንጭ ዳር ዛሬም ሰዎች ቁራጭ ጨርቅ ቅርንጫፍ ላይ ያስራሉ። ልጁ የታመመበት ሰው ከእሱ በፊት የነበረና ከእሱ በኋላ የሚቆይ ነገር ይፈልጋል፤ ድንጋይ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ችግሩ

ጥቅምት 2008 ዓ.ም. ድንጋይዋን ለመመዝገብ ስሄድ ከስድሳ በላይ ጎድጓዳ ፍቅፍቆች ቆጠርሁባት። ጥልቁ የአውራ ጣት አንጓ ይውጣል። አንድ የደብሩ ሽማግሌ በ1986 ዓ.ም. ከካህናቱ ጋር የተነሡትን ፎቶግራፍ ከሣጥን አውጥተው አሳዩኝ። ከሰዎቹ ትከሻ በላይ አበባዋ ስምንቱም ቅጠል ሙሉ ሆኖ ይታያል። እኔ ስደርስ አምስት ቀርተዋታል። ቅርጿ ብዙ መቶ ዓመት ጠብቃ የኖረች ድንጋይ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ቅጠል አጥታለች። ምክንያቱን ስጠይቅ መንገድ መግባቱ ነው አሉኝ። ድሮ በእግር የሚመጣው የአካባቢው ሰው ብቻ ነበር፤ አሁን ከሩቅ ወረዳ በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል።

ቅቤውም የራሱ ጉዳት አለው። ቅባት ወደ ኖራ ድንጋይ ቀዳዳዎች ይሰርጋል፤ አቧራና ጥላሸት ይይዛል። ከስንጥቅ የገባ የዝናብ ውኃ እንዳይደርቅም ያግዳል። ስለዚህ ድንጋይዋ ከላይ ጥቁር ቅርፊት ለብሳ ከሥር ትፈረፈራለች። ገላዋን ተጠግቶ የሚበራው ጧፍ ይህን ያባብሳል።

በቀበሌው የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስለ ሌላ ችግር ነገረችን። ዱቄቱ ተበጥብጦ የሚጠጣው ብዙ ጊዜ ባልፈላ የወንዝ ውኃ ነው፤ ሕፃናት ይቀምሱትና ተቅማጥ ይይዛቸዋል። የሚጥል በሽታ ያለበት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ደግሞ ወደ ማረፊያዋ ከተወሰደ ወዲህ መድኃኒቱን አቁሟል።

መጀመሪያ ያደረግነውና ያልሠራው

በኅዳር ወር በድንጋይዋ ዙሪያ የቆርቆሮ አጥር አሳጠርን። በሩን ቁልፍ አስገባንለት፤ ቁልፉን ቄሰ ገበዙ ያዙ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ጠቅሰን መንካት እንደሚያስቀጣ የሚገልጽ ሰሌዳ ሰቀልን። ቅርስን ማበላሸት ወንጀል መሆኑ እውነት ነው። ሰሌዳውን ማንበብ የነበረባቸው ሰዎች ግን አብዛኞቹ ማንበብ የማይችሉ አሮጊቶች ነበሩ።

በሦስተኛው ወር ሄጄ ሳይ ከአጥሩ በስተጀርባ ሁለት ቆርቆሮ ተነቅሏል። ሰው በሌሊት መግባት ጀምሯል። ቀን በጸጥታ በሳንቲም ይፍቅ የነበረው ሰው አሁን በጨለማ ቸኩሎ በድንጋይ ይመታት ጀመር። ከግርጌዋ መዳፍ የሚያክል ጥግ ተሰብሮ ተወስዷል። በዚያው ሰሞን አንድ እንግዳ ሰባኪ «ድንጋይ የምታመልኩ» ብሎ በዐውደ ምሕረት ላይ ተቆጣ። ሴቶቹ አቀርቅረው ሰሙት፤ በሚቀጥለው እሑድ ግን በርከት ያሉት ወደ ሌላ ደብር ሄዱ። ጽሕፈት ቤቱ ድንጋይዋን ነቅሎ ሊሸጣት ነው የሚል ወሬም ተነዛ። ለምን ታመነ ብዬ ልፈርድባቸው አልችልም። ያጠርነው እኛ፣ የቆለፍነው እኛ፣ ያላማከርናቸውም እኛ ነን።

ከሁሉ የከፋው የጽዳቱ ዘመቻ ነው። ወጣቶች በበጎ ፈቃድ ድንጋይዋን ሊያጥቡ ጠየቁ፤ ፈቃዱን እኔ ፈረምሁ። ለሌላ ሥራ ዞን ተጠርቼ ስመለስ በብረት ብሩሽ፣ በሳሙናና በሎሚ ፈትገዋታል። ሎሚ አሲድ ነው፤ የኖራ ድንጋይን ይበላል። ጥቁሩ ቅርፊት ሲነሣ የሐረጉ ጠርዝ አብሮ ሄደ። ልጆቹ ንጽሕናዋን ሊያሳዩኝ ደስ ብሏቸው ቆመው ነበር። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ምን መጠቀም እንዳለባቸው ሳልነግራቸው የሄድሁት እኔ ነኝ።

የእማሆይ ጥያቄ

በ2009 ዓ.ም. ታኅሣሥ 21 ቀን ምንም ሳልከለክል፣ ምንም ሳልመዘግብ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሬ ከወይራው ሥር ተቀመጥሁ። ከዚህ በፊት ይህን አድርጌ አላውቅም ነበር። አንዲት መነኵሲት በተነቀለው ቆርቆሮ በኩል ገብተው፣ ተሳልመው፣ ከነጠላቸው ጫፍ ምላጭ አወጡ። ጠጋ ብዬ ሰላምታ ሰጠኋቸው።

«እማሆይ፣ ድንጋይዋን ለምን ይፍቋታል?»

ደነገጡ። ሰው እንደማልጠራ ሲያዩ ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔማ መጥቼ ተሳልሜያለሁ፤ ለእኔ ይበቃኛል። ልጄ ግን ከተኛች ሁለት ዓመቷ ነው፤ መምጣት አትችልም። ጠበል ቢሆን በጀሪካን ቀድቼ እገባላት ነበር። ከዚህስ ምን ይዤ ልግባላት?»

የቀረውን ሥራ ሁሉ የወለደው ይህ ጥያቄ ነው። በተከታዮቹ ሁለት ወራት የሚፍቁትን ሁሉ እየጠየቅሁ አዳመጥሁ። አብዛኞቹ ለራሳቸው አይወስዱም፤ ለተኛ ባል፣ ለአራስ ሴት፣ አዲስ አበባ ለሄደ ወንድም፣ ዐረብ አገር ላለች ልጅ ነው። ራሱ የመጣው ሕመምተኛ ተደግፎ፣ ቀብቶ፣ ዞሮ ይመለሳል። ቢላዋ የሚያወጣው ለማይመጣው ሰው የመጣው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎቹን ቦታዎች በሌላ ዐይን ማየት ጀመርሁ። በሰከላ ግሽ ዓባይ፣ ዓባይ በሚመነጭበት ቦታ፣ ጠበል ሊወስድ የመጣ ሰው ጀሪካኑን ሞልቶ ይሄዳል። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያን ምንጭ አይተውታል፤ ዛሬም ውኃው ይቀዳል፣ ምንጩም አለ። ውኃ ሲወሰድ ይተካል። በጣና ቂርቆስ ደሴት መነኰሳቱ ከኦሪት ዘመን ናቸው የሚሏቸው አናታቸው የተፈለፈለ የድንጋይ ዓምዶች አሉ፤ እነሱን የሚጠብቃቸው ገዳሙና ሐይቁ ነው። የእኛዋ ግን ደረቅ ድንጋይ ናት። የምትሰጠው ነገር የላትም፤ ከራሷ በስተቀር።

የተስማማንበት

በመጋቢት ወር ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ተሰበሰብን። ቄሰ ገበዙ፣ የቅኔ መምህሩ የኔታ፣ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር፣ የጤና ባለሙያዋ፣ እማሆይና ከማርያም ጽዋ ማኅበር የመጡ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ሴቶቹ ይምጡ ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ አንዳንዱ ፊቱን አጠቆረ። እማሆይ ጥያቄያቸውን በጉባኤው ፊት ሲደግሙት ግን ደጀ ሰላሙ ጸጥ አለ።

የኔታ ቀስ ብለው ተናገሩ። «መቃን የቤቱ አካል ነው። የቤተ ክርስቲያንን መቃን ፍቆ የሚወስድ ቤቷን እያፈረሰ ነው። የሚለምን ግን ቤቷን አላፈረሰም።» እኔ አዋጅ ጠቅሼ በዓመት ውስጥ ያላስረዳሁትን እሳቸው በሦስት ዐረፍተ ነገር አስረዱት። ከዚያ ወዲያ «ማርያምን አትብሏት» የሚል አባባል በሴቶቹ አፍ ሲዞር ሰማሁ።

ለእማሆይ ጥያቄ መልሱን ያገኙት ቄሰ ገበዙ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ከጥንት የምትሰጠው «እምነት» አለ፤ ከማዕጠንት የሚተርፈው የዕጣን አመድ ነው። ሰው ይቀባዋል፣ ቋጥሮም ይወስደዋል። አዲስ ሥርዓት መፍጠር አላስፈለገም። በየወሩ 21 ቀን አንድ ዲያቆን ከድንጋይዋ አጠገብ ቆሞ እምነቱን በወረቀት እየቋጠረ እንዲያድል ተወሰነ፤ ያለ ክፍያ።

ቅቤውን በተመለከተ የተከራከርነው ረጅም ሰዓት ነው። አንዳንዱ ጨርሶ ይከልከል አለ። ሴቶቹ እንቢ አሉ፤ ቅቤ ይዞ መጥቶ መመለስ ነውር ነው። በመጨረሻ ከዚያው ፍርስራሽ ወድቆ የሚገኝ ቅርጽ የሌለው ጥቁር የመሠረት ድንጋይ ከማረፊያዋ ሁለት እርምጃ ፊት ለፊት እንዲቆም ተስማማን። ጥቁር ድንጋይ ጠጣር ነው፤ ቅባት ብዙም አይሰርገውም። የአንዱ ሕንፃ አካል በመሆኑ ሰውን «ይህ ሌላ ነው» የሚል ስሜት አላሳደረበትም። ካህናቱ ጸሎት አድርገው አቆሙት፤ ሴቶቹ «ደጇ» አሉት። ስሙን ማንም አላዘዛቸውም።

የቆርቆሮውን አጥር አፈረስነው። በምትኩ የደብሩ ሰው ክንድ በሚያህል ርቀት ላይ ዝቅ ያለ የወይራ እንጨት አጥር ሠራ። ፈትል አሁን በዚያ ላይ ይታሰራል። ለጧፍ አሸዋ የተሞላ ሣጥን ተቀመጠ። ጥበቃውን የያዙት ሦስቱ ሴቶች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዷ እማሆይ ናቸው። ምላጭ ያወጣ ሰው ሲያዩ አይጮኹበትም። «ለማን ነው የምትወስጂው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ወደ ዲያቆኑ ይመሩታል።

በጤና በኩል

የጤና ባለሙያዋ በየወሩ 21 ቀን ከወይራው ሥር እንድትቀመጥ ቄሰ ገበዙ ራሳቸው ጋበዟት። የተስማማንበት ደንብ አጭር ነው፤ የማንንም እምነት አትነቅፍም፣ ካህናቱም መድኃኒት አቁሙ አይሉም። እምነቱ ግንባር ላይ ይቀባል እንጂ ለሕፃን በአፍ አይሰጥም። ቄሰ ገበዙ ይህን ከቡራኬ በፊት ለሕዝቡ ይናገራሉ፦ «እምነቱንም ያዙ፣ መድኃኒቱንም ያዙ።»

መድኃኒት ያቆመው ልጅ ይወስድ የነበረው ፌኖባርቢታል ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ አንዱ ሳይለቅ ሌላው የሚከታተል ብርቱ መንዘፍዘፍ ሊያስከትል ይችላል፤ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። ልጁ ወድቆ እጁን ምድጃ ላይ ተቃጥሎ ነበር። አባቱ ያቆመው በንቀት አልነበረም፤ ሁለቱን መያዝ እመቤታችንን መጠራጠር መስሎት ነው። ይህን ፍርሃት ከባለሙያዋ ይልቅ ካህን መፍታት ነበረበት። የኔታ ወደ ቤታቸው ሄደው ማታውን ሙሉ ተቀመጡ። ልጁ ሕክምናውን ቀጠለ። ሕመሙ ጨርሶ አልለቀቀውም፤ ግን እየራቀ ሄዶ ትምህርት ቤት ተመለሰ። አባቱ ዛሬም በየወሩ ቅቤ ይዞ ወደ «ደጇ» ይመጣል።

አንዲት ሴት ግን አልደረስንላትም። ጡቷ ላይ እብጠት ነበረባት። አጥሩ በነበረበት ጊዜ ሰው እንዳያያት በሌሊት ወደ ማረፊያዋ ስትመላለስ ኖራለች። ባለሙያዋ ስታገኛት በሽታው ተስፋፍቶ ነበር፤ ሆስፒታል ደርሳ ብዙም አልቆየችም። ታሪኳን የሰማሁት ከእህቷ ነው። አጥሩ ባይኖር ኖሮ በቀን፣ በሰው መካከል ትመጣ ነበር፤ ከሴቶቹ አንዷ ታያት ነበር። ስለ ቆርቆሮው አጥር በተጠየቅሁ ቁጥር ከተሰበረው ጥግ በፊት የምትታወሰኝ እሷ ናት።

ምን ተገኘ፣ ምን ቀረ

ከ2009 ዓ.ም. ግንቦት ጀምሮ በየሁለት ወሩ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ማስመሪያ ከጎኗ አድርጌ ድንጋይዋን ፎቶግራፍ አነሣሁ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ሳይ፣ ከስብሰባው ወዲህ በፊት ለፊቷ ላይ አዲስ ፍቅፍቅ የለም። የአበባዋ ቅጠሎች አምስት ናቸው፤ አምስትነታቸውን ጠብቀዋል። በሁለቱ ጎኖቿም አዲስ የለም። በጀርባዋ ግን፣ ሴቶቹ ከተቀመጡበት በማይታየው በኩል፣ አራት አዲስ ጎድጓዳ ቦታዎች አግኝቻለሁ። የወይራው አጥር በዚያ በኩል ለቤተ ልሔሙ መተላለፊያ ተብሎ ክፍት ተትቶ ነበር። ይህን ስንሠራው ማየት ነበረብን።

ቅቤው ሙሉ በሙሉ አልተዛወረም። የአካባቢው ሰው «ደጇን» ተቀብሏል፤ በጥር 21 ከቆላ የሚመጣው ሰው ግን ሌሊት ደርሶ እንደ አባቶቹ ማረፊያዋን ራሷን ቀብቶ ይሄዳል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ሴቶቹ በዚያች ሌሊት ማደራቸው ብቻ ነው። ለአሮጊት ከባድ ነው፤ የጥር ሌሊት በደጋ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል።

በአንድ ክብረ በዓል እምነቱ አለቀ፤ ተራ ይዞ የነበረው ሰው ባዶ እጁን ከመሄድ ይልቅ ወደ ድንጋይዋ ዞረ። ሌላ ጊዜ ተረኛው ዲያቆን ሳንቲም መቀበል ጀምሮ በሴቶቹ ተከሶ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ አመዱ ከዓመት ዓመት በእንስራ ተጠራቅሞ ይቀመጣል፤ አዳዩም በየወሩ ይቀያየራል።

ጥቁሩን ቅርፊት አልነካነውም። ከጽዳቱ ዘመቻ በኋላ በድንጋይዋ ላይ የሚፈቀደው ለስላሳ ፀጉር ያለው ደረቅ ብሩሽ ብቻ ነው፤ እሱም አቧራ ለማራገፍ።

ለሌላ ቦታ የሚተርፈው

ዋሻ፣ ዛፍ፣ ሐውልት ወይም የቆየ ግድግዳ ሰው ለፈውስ የሚመላለስበት ከሆነ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሰው ምን ያደርጋል የሚለው አይደለም፤ ምን ይዞ ሊሄድ ይፈልጋል የሚለው ነው። የሚወሰደው ነገር ቦታውን የሚጎዳ ከሆነ በዚያው እምነት ውስጥ የሚገኝ፣ ሲወሰድ የሚተካ ሌላ ነገር ይኖራል፤ ውኃ፣ አመድ፣ ክር። እሱን የሚያውቁት የቦታው ሰዎች ናቸው። እኔ ከጽሕፈት ቤት ይዤው የሄድሁት ሐሳብ ቢሆን ኖሮ፣ ትክክል ቢሆንም እንኳ፣ አይያዝም ነበር።

መከልከል ሰውን አያስቀረውም፤ ወደ ሌሊት ይወስደዋል። ሌሊት የሚመጣ ሰው ቅርሱን የባሰ ይጎዳል፤ ሕመሙም አይታይለትም። በመሆኑም የቅርስና የጤና ሥራ በእንዲህ ያለ ቦታ ከመጀመሪያው ቀን አብረው መግባት አለባቸው። እኛ የጤና ባለሙያዋን ያሳተፍናት ከዓመት በኋላ ነው።

በስብሰባው ላይ የሚቀመጡት ሰዎችም ይታሰብባቸው። ካህናቱንና የቀበሌውን ሹማምንት መጥራት ቀላል ነው፤ ቢላዋውን በነጠላ ጫፍ የሚይዙት ግን ሴቶች ናቸው፤ የጠየቁትም፣ የጠበቁትም እነሱ ናቸው።

ሥራውን ለመጀመር የሚያስብ ባለሙያ ካለ፣ አጥር ሳይገዛ፣ ሰሌዳ ሳያጽፍ፣ ድንጋዩን በአራቱም ፊት ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ጀርባውን አይርሳ። ከደብሩ ሽማግሌዎች ሣጥንም የድሮ ፎቶግራፍ ይፈልግ። የጎደሉት ሦስት ቅጠሎች የነበሩ መሆናቸውን የምናውቀው አንድ ሰው በ1986 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ጋር በድንጋይዋ ፊት ቆሞ ስለተነሣ ብቻ ነው።